ግድግዳችን ላይ ያለችው የማርያም ሥዕል ከየት መጣች?

አርባ ምንጭም ሁኑ ካምባ፣ ኦርቶዶክስ ቤት ስትገቡ ግድግዳ ላይ አንድ የታተመ የማርያም ሥዕል አታጡም። ልጇን ታቅፋለች፣ አንዳንዴ ሚካኤልና ገብርኤል ግራና ቀኝ ቆመዋል። ይህች ሥዕል በቤተ ክርስቲያን ምስለ ፍቁር ወልዳ ትባላለች። ታሪኳ ግን በጣም ሩቅ ይሄዳል።

እስቲ እጇን ልብ ብላችሁ እዩት። የቆዩ የሀገራችን ሥዕሎች ላይ ብዙ ጊዜ ቀኝ እጇ በግራው ላይ ተደርቦ፣ ሁለት ጣቶቿ ተዘርግተው፣ በግራ እጇ መሐረብ ይዛ ታገኟታላችሁ። ይህ አያያዝ የመጣው ሮም፣ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ካለች ጥንታዊት ሥዕል ነው። ቅጂዎቿን ወደ ኢትዮጵያ ያመጡት ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ናቸው።

ከአውሮፓ የመጣው ይህ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1590 እና 1591 ሮም ውስጥ የሜዲቺ ማተሚያ ቤት በሥዕል የተሞላ የዐረብኛ ወንጌል አሳተመ። ሥዕሎቹ እንጨት ላይ ተቀርጸው፣ ቀለም ተቀብተው ወረቀት ላይ የታተሙ ናቸው። 67 እንጨት ተቀርጾ፣ አንዳንዱ እየተደጋገመ 149 ቦታ ላይ ታትሟል። መጽሐፉ እዚህ ደረሰ፤ የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎችም ብዙ ነገር ወሰዱበት።

ግን ኮፒ ፔስት አላደረጉም። ጥቁርና ነጩን ኅትመት በደማቅ ቀለም ሞሉት፣ ዓይኑን አጎሉት፣ ፊቱን የሀገር ሰው አደረጉት። ዐፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1632 ነግሠው ሚሲዮናውያኑን አባረሩ። ሰዎቹ ሄዱ፣ ሥዕሉ ግን የእኛ ሆኖ ቀረ።

የታተመ ሥዕል ቤት መለጠፍ ቻይናም አለ። የአዲስ ዓመት ሥዕል፣ በእነሱ ቋንቋ ኒያንኋ፣ ይሉታል። በር ላይ ክፉ እንዳይገባ ሁለት የጦር አለቆች ይለጠፋሉ። ማድ ቤት ደግሞ የምድጃው አምላክ አለ። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ወረቀቱን ያቃጥሉታል፤ ወደ ሰማይ ወጥቶ ስለ ቤተሰቡ ይናገራል ይባላል። ከዚያ አዲስ ይለጠፋል።

ወረቀቱ ቢቃጠል ችግር የለውም፣ እንጨቱ እስካለ ድረስ ይታተማል። እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1976 በነበረው የባህል አብዮት ግን "ኋላ ቀር እምነት ነው" ተብሎ ብዙ እንጨት ተሰባበረ፣ ተቃጠለ። የተረፈውን ለማዳን ቻይና ቆይታ ተነሣች፤ ቲያንጂን አጠገብ ያለው የያንግሊዩቺንግ ኅትመት እ.ኤ.አ. በ2006 በብሔራዊ ቅርስነት ተመዘገበ።

የእኛ ነገር ተገላቢጦሽ ነው። እኛ ጋ ወረቀቱ ሞልቷል፣ ርካሽ ነው፣ ያብረቀርቃል። ብዙው ፖስተር ደግሞ በቀጥታ ከፈረንጅ ሥዕል የተወሰደ ነው። አደጋ ላይ ያለው በእጅ የተሣለው ነው፤ "አርጅቷል፣ ደብዝዟል" ተብሎ ወርዶ በፖስተር ሲተካ ዳግም የሚታተምበት እንጨት የለውም። አንዴ ከሄደ ሄደ።

ስለዚህ ብርብር ማርያምም ሆነ ሌላ የጋሞ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ አሮጌ ሥዕል ካያችሁ፣ አስፈቅዳችሁ ያለ ፍላሽ ፎቶ አንሡት። "እንጣለው" የሚል ከመጣ ለካህናቱና ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ንገሩ። ፎቶውን ግን ከነቦታው ቲክቶክ ላይ አትልቀቁት፣ የቅርስ ሌባም ስልክ አለው።

እስቲ ዛሬ ቤታችሁ ያለችውን ሥዕል እዩ። እጇ እንዴት ነው? መሐረብ ይዛለች? ኮሜንት ላይ ጻፉልን።