ካሜራው ከመድረሱ በፊት

ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ብልባላን እንግዳ የሚያያት አብዛኛውን ጊዜ በመኪና መስኮት ነው። ከዓለት የተፈለፈሉትን ብልባላ ቂርቆስንና ብልባላ ጊዮርጊስን ሊሳለም የወረደ ጥቂት ሰዓት ይቆያል፤ ሌላው ያልፋል። ስለ ላስታ ደጋ ከሩቅ የሚሰማ ሰው ጆሮ የሚደርሰው ሁለት ነገር ነው፤ የዓለቱ ሥራና ረሃቡ። በዓለቱ ታሪክ የላስታ ሰው ጠራቢ ነው፣ ጥበበኛ ነው። በረሃቡ ታሪክ ግን ሥራ የለውም፤ እጁን ዘርግቶ የተቀመጠ ሆኖ ነው የተሳለው። ይህን ሥዕል በጥናት ከሞገቱት ኢትዮጵያውያን መካከል ደሳለኝ ራህመቶን የሚያህል ለእኔ የለም።

ደሳለኝ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የልማት ምርምር ተቋም ተመራማሪ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1984 ስለ ደርግ የመሬት አዋጅ ያጠኑት መጽሐፍ ስዊድን አገር ኡፕሳላ ላይ ታትሞላቸዋል። በዚያው ጊዜ ወሎ በ1977 ዓ.ም. ረሃብ እያለቀ ነበር። እርሳቸውም ፊታቸውን ወደ ወሎዋ አምባሰል መለሱ። ብዙዎቻችን አምባሰልን የምናውቀው በቅኝቱ ነው፤ ደሳለኝ ግን የገበሬውን ጓዳ፣ በረትና ገበያ ተከታትለው መዘገቡት። ጥናቱ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1987 በተቋማቸው፣ ኋላም በ1991 ኡፕሳላ ላይ በመጽሐፍ ወጣ።

የተነሱበት ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ሰው ለምን አለቀ ብለው ብቻ አላቆሙም፤ የተረፈው እንዴት ተረፈ ብለው ጠየቁ። መልሱን ለማግኘት ገበሬውን ሊረዱት የሚገባ ምስኪን አድርጎ ማየት አይበቃም። የሚያስብ፣ የሚያሰላና የሚወስን ሰው አድርጎ ማየት ያስፈልጋል።

ያገኙትን የብልባላም ገበሬ ያውቀዋል። ዝናቡ እንዳላማረ ከማንም ቀድሞ የሚያየው ባላገሩ ነው። ዘሩን ይለውጣል፤ ቶሎ የሚደርሰውን ይዘራል። ቀጥሎ ማዕዱ ያንሳል፤ ሦስቴ ይበላ የነበረው ሁለቴ፣ ሁለቴ ይበላ የነበረው አንዴ። ጉልበት ያለው ለቀን ሥራ ወደ ሌላ አገር ይሄዳል። ሽያጩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፍየሉና በጉ ይወጣል፣ የቤት ዕቃ ይከተላል። የእርሻ በሬ ግን የመጨረሻው ነው፤ በሬውን የሸጠ ገበሬ ዝናብ ቢመጣለትም የሚያርስበት የለውምና የዘንድሮን ረሃብ ወደ ከርሞ ያሻግረዋል። ስለዚህ ሆድ እየጎደለ በሬ ማቆየት ግራ ቀኙን ያየ የቤተሰብ ውሳኔ ነው። ችግሩ ሁሉም ባንድ ጊዜ ለመሸጥ መውጣቱ ነው። ገበያው በከብት ይጥለቀለቃል፤ ከብት ይረክሳል፣ እህል ይወደዳል። ሰውየው የሚሸጠው ጥሪት እያለው እንኳ የሚገዛበት አቅም ያጣል። ቀዬውን ጥሎ የሚወጣው ይህ ሁሉ ተሞክሮ ሲያልቅ ነው።

እዚህ ላይ የሐኪሙና የማኅበራዊ ተመራማሪው መንገድ ይገናኛል። በረሃብ ዘመን ብዙውን ሰው የሚጨርሰው ባዶ ሆድ ብቻ ሳይሆን የተዳከመ አካል የማይቋቋመው በሽታ ነው፤ ኩፍኝ፣ ተቅማጥ፣ የሳንባ ምች፣ ተስቦ። እነዚህ ደግሞ ሰው በተፋፈገበት፣ ንጹሕ ውኃ በሌለበት መጠለያ እንደ ልብ ይዛመታሉ። በ1977ቱ ረሃብ እናት ልጇን አዝላ እስከ ኮረም መጠለያ የተጓዘችው ለእርዳታ ነው፤ እዚያ የጠበቃት ግን እህልም ተስቦም ነው። ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው፤ እርዳታው ሰውየው ቤቱ፣ በሬው አጠገብ ሳለ ቢደርሰው ኖሮ ጥሪቱንም ጤናውንም ባተረፈ ነበር።

ካሜራው የደረሰው ግን መጨረሻ ላይ ነው። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል በርክና ካሜራ ባለሙያው ሞሐመድ አሚን ከኮረም ያስተላለፉት ዘገባ ዓለምን አንቀጠቀጠ፤ ብዙ ነፍስም አተረፈ፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ያም ሆኖ ዓለም ያየው የረጅም ትግልን ማብቂያ እንጂ ትግሉን አልነበረም። ገበሬው ያለፈባቸው ወራት፣ የታገሠው ረሃብ፣ ያዳነው በሬ በምስሉ ውስጥ የሉም።

ምስሉን ደግሞ ፖለቲካ እንዳሻው ይጠቀምበታል። በ1966 ዓ.ም. ጥቅምት የጋዜጠኛው የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም የወሎን እልቂት ለእንግሊዝ ተመልካች አሳየ፤ የዘውዱ መንግሥት ሲሸፋፍነው የነበረ ጉዳይ ነው። ያው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ተቀነባብሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። ዐሥር ዓመት ቆይቶ ደርግ ራሱ፣ ወሎ እየተራበ፣ የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመት በታላቅ ድምቀት አከበረ። ቀጥሎም 600,000 ያህል ሰው፣ ብዙው ከወሎ፣ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አሰፈረ። ሰፈራውን በአደባባይ የነቀፉት የፈረንሳይ ድንበር የለሽ ሐኪሞች በ1978 ዓ.ም. ከአገር ተባረሩ። ደሳለኝ ሰፋሪው በደረሰበት በመተከል ጥናት አድርገው በደርግ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1988 አወጡ። ይህን የምጽፈው በአክብሮት ነው፤ ያኔ እንዲህ ያለ ርዕስ መንካት ቀላል አልነበረም።

መንግሥት ሲለወጥ ጥያቄያቸው አልተለወጠም። እ.ኤ.አ. በ1998 ፎረም ፎር ሶሻል ስተዲስ የተባለውን የማኅበራዊ ጥናት መድረክ ከባልደረቦቻቸው ጋር መሥርተው መሩ። መድረኩ ስለ ድህነት፣ ስለ መሬትና ስለ አካባቢ ምሁሩንም ባለሥልጣኑንም አንድ አዳራሽ ሰብስቦ ያነጋግር ነበር። በዓመቱ የኔዘርላንዱ ፕሪንስ ክላውስ ሽልማት ተሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ሰፋፊ መሬት ለባለሀብት ስለ መስጠት ጥናት አሳተሙ፤ ጉዳዩ ከአምባሰል የራቀ ቢመስልም፣ መሬቱ ላይ ያለውን ሰው ማን ጠየቀው የሚለው ጥያቄ ያው ነው።

ዛሬ በላስታ ሴፍቲኔት የሚባለው የድጋፍ ፕሮግራም አለ። በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ከዓላማዎቹ አንዱ ቤተሰብ በችግር ቀን ጥሪቱን እንዳይሸጥ መጠበቅ ነበር፤ የአምባሰሉን ጥናት ያነበበ ሰው ነገሩ አዲስ አይሆንበትም። ሐሳቡ እስከ ወረዳ ወርዷል። አነጋገራችን ግን ገና ነው። ስለ ድርቅ ሲዘገብ አሁንም የሚቀድመው የከሳ ሕፃን ፎቶ ነው፤ የሕፃኑ አባት ባለፈው ወር ምን እንደሸጠ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ወደ ብልባላ የሚመጣ ጋዜጠኛ አስቀድሞ ገበያ ይግባ፤ አንድ ፍየል ስንት ኪሎ ገብስ እንደሚገዛ፣ ባለፈው ዓመት በዚህ ወር ስንት ይገዛ እንደነበር ይጠይቅ። ጤና ኬላም ጎራ ይበል፤ የልጆቹ ክብደት ከስንት ወር ጀምሮ እንደቀነሰ መዝገቡ ያሳየዋል። ከዚያ ገበሬውን ቤቱ ሄዶ ያነጋግረው፤ በሬው በረት ውስጥ እያለ።