ውሃ በ92 ዲግሪ የሚፈላበት አገር መኪና

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን የወጣ ሰው፣ ኮፈናቸውን ከፍተው ጥግ የያዙ መኪኖችን ሳያይ የሚያልፍበት ቀን ጥቂት ነው። መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ያንኑ ያህል ሽቅብ ይወጣል። ሽቅቡ ላይ፣ በከባድ ማርሽና በቆላ ሙቀት፣ አሮጌ ሞተር «ይፈላል»። ሾፌሮች የሚሉት ቃል ልክ ነው፤ ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውሃ በእርግጥ እየፈላ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው በአንድ እጅ ተጠምዝዞ በሚከፈተው የራዲያተር ክዳን ላይ ነው ቢባል ግን የሚያምን ጥቂት ነው።

ደጋ ላይ ሽምብራ የቀቀለ ሰው ነገሩን ከምድጃው ያውቀዋል። እሳቱ ቢነድም ጥራጥሬው ቶሎ አይበስልም። ከፍታ ሲጨምር ውሃውን ከላይ የሚጫነው አየር ይሳሳል፤ ጫናው ሲቀንስ ደግሞ ውሃ ቶሎ ይፈላል። በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው ውሃ፣ 2,355 ሜትር ላይ ባለችው አዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ከዚያ በላይ እሳት መጨመር እንፋሎቱን ያበዛዋል እንጂ ሙቀቱን አያሳድገውም።

አሁን ወደ ሞተሩ እንምጣ። ቤንዚን ሲሊንደር ውስጥ ሲነድ የጋዙ ሙቀት ከ2,000 ዲግሪ ያልፋል። ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የቴስታታው አሉሚኒየም ግን በ660 ዲግሪ ይቀልጣል። እንዳይቀልጥ የሚያደርገው በዙሪያው የሚዞረው ውሃ ነው፤ ነዳጁ ከሚያወጣው ኃይል ሲሶ የሚሆነውን ይህ ውሃ ተሸክሞ ራዲያተር ላይ ያራግፈዋል። ሞተር ጤናማ ሆኖ የሚሠራው ውሃው ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ሲሆን ነው። ልብ ይበሉ፤ ክዳን ባይኖር ኖሮ አዲስ አበባ ላይ ውሃው የሚፈላው በዚሁ በጤናማው ሙቀት ነበር።

ክዳኑ የሚሠራው ቤት ውስጥ እንዳለው ፕሬዠር ኩከር ነው። ብዙዎቹ የጃፓን መኪኖች ክዳን ላይ 0.9 የሚል ቁጥር ይታያል። ውስጡ ያለው ስፕሪንግ፣ ግፊቱ ከውጪው አየር በ0.9 ባር ገደማ እስኪበልጥ ድረስ ውሃውን አፍኖ ይይዛል ማለት ነው። ያን ጊዜ ባሕር ወለል ላይ የመፍያው ነጥብ ወደ 118 ዲግሪ ይወጣል፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ወደ 114። የክዳኑ ጎማ ደርቆ ከተሰነጠቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ እነዚያ 22 ዲግሪዎች ይጠፋሉ። ጅቡቲ ላይ በላላ ክዳን የሚሄድ መኪና ቢያንስ እስከ 100 ዲግሪ መጠባበቂያ አለው፤ የእኛ ደገኛ መኪና ግን የለውም።

ስለዚህ የራስን መኪና መጠገን የሚጀምረው ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ፣ ክዳኑን ከፍቶ ጎማውን በጣት በመዳበስ ነው። ከስር መሃሉ ላይ ትንሽ ቫልቭ አለች፤ ሞተሩ ሲበርድ ከሪዘርቩ (ከራዲያተሩ የተረፈውን ውሃ ከሚይዘው ዕቃ) ውሃ የምትመልሰው እሷ ናት። እሷ ከተያዘች ጠዋት ላይ የላይኛው ማኒኮቶ (የራዲያተሩ የጎማ ቱቦ) ተጨምድዶና ተጣብቆ ይገኛል። ሪዘርቩ ሁልጊዜ ሞልቶ ራዲያተሩ የሚጎድልም ከሆነ አስቀድሞ የሚጠረጠረው ክዳኑ ነው። አዲስ ሲገዙ በላዩ ያለው ቁጥር ከአሮጌው ጋር መመሳሰሉን ያረጋግጡ።

ሞተሩ ትኩስ ሳለ ግን ይህን ክዳን ፈጽሞ አይንኩት። 5 ሊትር ውሃ 110 ዲግሪ ላይ ታፍኖ አለ እንበል። ክዳኑ እንደተከፈተ ግፊቱ ይወርዳል፤ ውሃውም ወዲያው ወደ 92 ለመውረድ ትርፉን ሙቀት በእንፋሎት ይተፋል። ስሌቱን ሠርቼ አይቼዋለሁ፤ 165 ግራም ያህል ውሃ በቅጽበት ተንኖ ከ300 ሊትር በላይ እንፋሎት ይሆናል። ያ ሁሉ የሚወጣው ከቡና ስኒ አፍ በጠበበ ቀዳዳ ነው፤ ከፊቱ ያለው ደግሞ የሰው ፊት ነው። የላይኛው ማኒኮቶ በእጅ ሲጨበጥ ለስላሳና ቀዝቃዛ እስኪሆን መጠበቅ ግድ ነው።

ከክዳኑ ቀጥሎ በደል የሚደርስበት ቴርሞስታት ነው። እኔ የገዛሁት አሮጌ ኮሮላ ላይ ጭራሽ አልነበረም፤ «እንዳይፈላ ተብሎ ወጥቷል» ተባልኩ። ይህ ልማድ በየጋራዡ አለ፤ ስሕተት ነው። ቴርሞስታት ሰም የተሞላች የብረት ጽዋ ናት፤ ሰርጂየስ ቬርኔት የተባለ ፈልሳፊ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያበረከታት። ሰሙ ሲቀልጥ ያብጥና ውሃውን ወደ ራዲያተር የሚያሳልፈውን በር ገፍቶ ይከፍታል። በሩ ሲወልቅ ሞተሩ በጠዋት ብርድ ቶሎ አይሞቅም፣ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎ ያረጃል። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ደግሞ ይኸው ዕቃ ትኩሱን ውሃ ወደ ራዲያተር ሳይደርስ የሚመልሰውን አቋራጭ ይዘጋል፤ ሲወጣ አቋራጩ ተከፍቶ ይቀርና ሞተሩ ይብስ ይሞቃል።

ቴርሞስታት በድስት ይፈተናል። አፉ ላይ ክር አስይዞ ውሃ ውስጥ ማንጠልጠል፣ ቴርሞሜትር ጨምሮ ማሞቅ፤ በሩ ሲከፈት ከክሩ ተላቆ ይወድቃል። እዚህ ላይ ከፍታችን አንድ ወጥመድ አለው። ላዩ ላይ የተጻፈው 82 መከፈት የሚጀምርበት ነው፤ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው ከዚያ ከአሥር ዲግሪ በላይ አልፎ ነው። አዲስ አበባ ላይ ክፍት ድስት ከ92 አያልፍም። እንግዲህ በሩ በግማሽ ቢከፈት ደህናውን ዕቃ ተበላሸ ብለው እንዳይጥሉት። መልሰው ሲገጥሙ አዲስ ጓርኒሲዮን ያድርጉ፤ የአየር ማስወጫዋ ትንሽ ቀዳዳ ወደ ላይ ትሁን።

ሌላውን ምልክቱ ይነግራል። በትራፊክ መጨናነቅ ሞቆ መንገድ ሲለቀቅ የሚበርድ መኪና ቬንትሌተሩ ደክሟል፤ የደጋው አየር ከባሕር ወለሉ በ20 በመቶ ገደማ የሳሳ ስለሆነ የደከመ ቬንትሌተርን አይታገሥም። ሽቅብ ላይና በፍጥነት ሲነዳ የሚሞቅ ከሆነ ራዲያተሩ ተደፍኗል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ዓይነት ነጭ ድንጋይ ቱቦዎቹን ይዞታል። የጉድጓድ ውሃ ሲሞላ የኖረ መኪና የዚህ ሰለባ ነው። ዲስቲልድ ውሃና ኩላንት እኩል ለእኩል መቀላቀል ዝገቱንም ያቆማል፣ መፍያውንም ጥቂት ዲግሪዎች ከፍ ያደርጋል።

የሙቀት ጌጁን ግን ሙሉ በሙሉ አይመኑት። ሴንሰሩ የሚለካው በላዩ የሚያልፈውን ውሃ ነው፤ ውሃው ካለቀ መርፌው ወርዶ ሞተሩ ይቃጠላል። ያኔ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ጥፋቱን ይጨርሰዋል። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በወጣው የኮሮላ 2ኢ ሞተር ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፤ አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረቱ እጥፍ ያህል ይለጠጣል፣ በድንገት ሲቀዘቅዝም ይጣመማል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑ ተከፍቶ ሲነሳ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ከመጣ ወይም ዘይቱ ወተት ከመሰለ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ሄዷል። ይህ የጓሮ ሥራ አይደለም፤ ቴስታታው ወጥቶ ቶርኖ ቤት መለካት አለበት።

አንድ ልመና አለኝ። ያፈሰሱትን አሮጌ ኩላንት ሜዳ ላይ አይተዉት። በውስጡ ያለው ኤትሊን ግላይኮል ጣፋጭ መርዝ ነው፤ ውሻም ይልሰዋል፣ ልጅም ይቀምሰዋል። ክዳን ባለው ጀሪካን ይክተቱትና ልጆች ከማይደርሱበት ያኑሩት።