ባለ አንድ ጎማው፣ ባጃጁና የጅማ ዝናብ

ኤሌክትሪክ ዩኒሳይክል የሚባለው ተሽከርካሪ ያለው አንድ ጎማ ብቻ ነው። ሞተሩ ቸርኬው ውስጥ ተቀብሯል፤ ባትሪውና የመቆጣጠሪያ ቦርዱ ጎማውን በግራና በቀኝ ባቀፈው ሽፋን ውስጥ ታሽገዋል፤ ነጂው በሁለት መርገጫዎች ላይ ይቆማል። መሪ የለውም፣ የፍሬን እጀታም የለውም። ሰውነት ወደ ፊት ሲያዘነብል ይሄዳል፣ ወደ ኋላ ሲሳብ ይቆማል። ዛሬ ለሚሸጠው ዓይነት መንገድ የከፈተው ትውልደ ቻይናዊው አሜሪካዊ ሼን ቼን እ.ኤ.አ. በ2011 ለገበያ ያቀረበው ሶሎዊል ነው። አሁን ሥራውን የያዙት ኪንግ ሶንግን፣ ኢንሞሽንንና ቤጎዴን የመሳሰሉ የቻይና አምራቾች ናቸው። ክብደቱ ከ10 ኪሎ አካባቢ ተነስቶ ከ40 ኪሎ በላይ ይደርሳል፤ ከባዶቹ ባጃጅን ጥለው ይሄዳሉ።

በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮ፣ በየቡ፣ በሊሙ ገነት፣ የአጭር መንገድ ጉዞ የባጃጅ ነው። ባለ አንድ ጎማው እዚህ እንግዳ ነው፤ ዘመዶቹ ግን እየተለመዱ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ብርቅ መሆኑ ቀርቷል፤ የኤሌክትሪክ ባጃጅና ሞተር ሳይክልም በአገሪቱ ገበያ ላይ ይታያሉ። የእነዚህ ሁሉ ሆድ ዕቃ አንድ ዓይነት ነው፦ ካርቦን ብሩሽ የሌለው ሞተር፣ ለሞተሩ ኃይል የሚመጥን ቦርድ፣ የባትሪ ጥቅል። ባለ አንድ ጎማውን ውስጡን ያወቀ ሰው የኤሌክትሪክ ባጃጁንም ግማሹን አወቀ ማለት ነው። ሁሉንም የሚፈትናቸው ደግሞ ያው ዝናብ ነው።

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊሜትር ዝናብ ታገኛለች። ዝናቡ እንደ ሰሜኑ አገር በሰኔ ገብቶ በመስከረም አይወጣም፤ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ አቅጣጫ ያለው የጊልጌል ግቤ አንድ ማመንጫ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ 184 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይዞ የሚሠራውም በዚሁ አካባቢ በሚወርደው ውሃ ነው። ስለዚህ የጅማ ዝናብ ወደ ተሽከርካሪው የሚገባበት መንገድ ሁለት ነው፤ አንዱ በቻርጀሩ በኩል፣ ሌላው በሽፋኑ ስንጥቅ በኩል።

ስለ አስተማማኝነት ሲነሳ ቀድሞ የሚጠየቀው መቼ ይበላሻል የሚለው ነው። ለእነዚህ ተሽከርካሪዎች ግን የበለጠ የሚያስፈልገው ጥያቄ ሲበላሽ ምን ይሆናል የሚለው ነው። የቤንዚን ባጃጅ ካንዴላው ወይም የካንዴላው ቆብ ውሃ ከነካው ያንቃል፣ ይንተፋተፋል፣ ይቆማል። ሹፌሩ ወርዶ ይገፋል፣ ካንዴላውን ፈትቶ ያደርቃል፣ ተሳፋሪው ያጉረመርማል፤ ነገሩ በዚሁ ያልፋል። የኤሌክትሪክ ባጃጅ ኃይል ሲቋረጥበትም በሦስት ጎማው እንደቆመ ይቀራል። ባለ አንድ ጎማው ግን የሚቆመው በሞተሩ ብቻ ነው። ጋይሮስኮፕና ሌሎች ዳሳሾች ያዘነበለበትን መጠን በሰከንድ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይለካሉ፤ ቦርዱ በልኬቱ መሠረት ጎማውን ከነጂው ክብደት ሥር ያስሮጣል። ኃይሉ ለአንድ አፍታ ሲቋረጥ ይህ ሁሉ አብሮ ይቋረጣል፤ ነጂውም ሳያስበው ወደ ፊት ይደፋል። ባጃጁ ላይ የአንድ ጉዞ ሒሳብ የምታሳጣ እርጥብ ሶኬት፣ ባለ አንድ ጎማው ላይ የእጅ አንጓ ትሰብራለች። ስለ ባለ አንድ ጎማው ውሃ መቋቋም ብዙ የሚባለው ለዚህ ነው።

ውሃ ወደ ውስጥ የሚገባው ሰው በሚጠብቀው ቦታ አይደለም። ከላይ የሚወርደው ዶፍ ለብቻው እምብዛም አይጎዳም፤ ሽፋኑ የተሠራው ለእሱ ነው። የሚጎዳው ከሥር የሚረጨው ነው። በፍጥነት የሚዞር ጎማ ከመንገዱ ያነሳውን ውሃና ጭቃ በኃይል ወደ ሽፋኑ ውስጠኛ ግድግዳ ይወረውራል፤ ፓራፋንጎ የሌለው ወይም የተሰበረበት ተሽከርካሪ በካፊያም ቢሆን ከሥር እንደታጠበ ይውላል። ከዚያ በኋላ ውሃው የሚፈልገው ቀዳዳ ነው፤ የቻርጅ ሶኬቱ ክዳን፣ የብሎን ቀዳዳ፣ የመብራቱ ዙሪያ፣ ተከፍቶ ሲገጠም የተጣመመ የጎማ መዝጊያ ሁሉ ያገለግለዋል።

ከሁሉም ደካማው ቦታ የሞተሩ አክስል ነው። ቸርኬ ውስጥ የተቀበረ ሞተር ኃይል የሚያገኘው በክፍት አክስል ውስጥ በሚያልፉ ሽቦዎች ነው፤ ሦስት ወፍራም የኃይል ሽቦዎችና የጎማውን አቀማመጥ ለቦርዱ የሚናገሩ ቀጫጭን ሽቦዎች አብረው ያልፋሉ። አክስሉ ይቆማል፣ ቸርኬው ይዞራል፤ በመካከላቸው ያለው ኩሽኔታ ፍጹም ድፍን ሊሆን አይችልም። ሞተሩ አቀበት ሲወጣ ይግላል፣ ውስጡ ያለው አየር ይነፋል፣ ከፊሉም በኩሽኔታው ዳርና በሽቦው ጎን ይወጣል። ወዲያው ቀዝቃዛ ዝናብ ሲወርድበት ወይም ኩሬ ውስጥ ሲገባ አየሩ ይሸበሸባል፤ ሞተሩም በወጣው አየር ፋንታ በዙሪያው ያለውን ውሃ ይስባል። ከሽቦው ሽፋን ሥር፣ በቀጫጭኖቹ የመዳብ ክሮች መካከል ደግሞ ውሃ ያለ ማንም ግፊት ይጓዛል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ጉዳቱ የሚደርሰው ዝናቡ በሚወርድበት ሰዓት ሳይሆን በማግስቱ፣ ፀሐይ ወጥታ ነጂው ሁሉ ነገር ደህና ነው ብሎ ሲነሳ ነው።

ውስጥ የገባው ውሃ መጀመሪያ የሚያጠቃው ሆል የሚባሉትን ሦስት ትንንሽ ዳሳሾች ነው። የሞተሩ ማግኔት የት እንደደረሰ የሚያሳውቁት እነሱ ናቸው፤ የሚሠሩት በ5 ቮልት ገደማ ስለሆነ በእግሮቻቸው መካከል ትንሽ እርጥበት ከተዘረጋ የሐሰት ምልክት ይልካሉ። ቦርዱ የተሳሳተውን የሞተር ሽቦ ጥቅል ያበራል፤ ሞተሩ ያጓራል፣ ይንቀጠቀጣል። በኤሌክትሪክ ባጃጅ ላይ ሹፌሩ ይህን ድምፅ ሰምቶ ዳር ይይዛል። ባለ አንድ ጎማው ላይ ድምፁና ውድቀቱ ሊገጣጠሙ ይችላሉ።

ቦርዱ ላይ ያሉት ሞስፌት የሚባሉ የኃይል ማብሪያዎች ከባትሪ የሚመጣውን ኃይል በሦስቱ የሞተር መስመሮች ላይ ያፈራርቃሉ። ከእነዚህ አንዱ ተቃጥሎ ከተገናኘ ሞተሩ ራሱን በራሱ ፍሬን ይይዛል። ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፦ ተሽከርካሪውን አጥፍቶ ጎማውን በእጅ ማዞር ነው። እየተቆራረጠ፣ እየከበደ የሚዞር ከሆነ ሦስቱን ወፍራም ሽቦዎች ከቦርዱ ነቅሎ እንደገና ማዞር። ከቀለለ የሞተው ቦርዱ ነው፤ ካልቀለለ ችግሩ ሞተሩ ውስጥ ወይም ሽቦው ላይ ነው። ብዙ ሰው ሞተሩ ደህና እያለ ሞተር ይገዛል።

ዝግ ብሎ የሚሠራው ጉዳት ከዚህ ይከፋል። ተሽከርካሪው ቢጠፋም ባትሪው አይጠፋም፤ በብዙዎቹ ላይ የቦርዱ አንድ ክፍል ሌሊትም ቮልት አለበት። በሁለት የመዳብ መስመሮች መካከል የእርጥበት ድር ካለ፣ መዳቡ ከአንዱ ጫፍ እየሟሟ በሌላው ላይ እንደ ሥር እየበቀለ ይሄዳል። ሥሩ ሲነካካ መስመሮቹ ይገናኛሉ። ለዚህ መከላከያው ቦርዱን በቀጭን ቫርኒሽ መቀባት ነው፤ ጥሩ አምራቾች ያደርጉታል፣ ርካሾቹ ይዘሉታል። የገዢ ዓይን ሊያየው ከሚችለው የጥራት ምልክት ይህን የሚያህል የለም፤ ቦርዱ በብርሃን ሲታይ የሚያብለጨልጭ ንጣፍ ካለው ተቀብቷል።

ባትሪው ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። 84 ቮልት የሚባለው ጥቅል እያንዳንዳቸው ሲሞሉ 4.2 ቮልት የሚይዙ 20 የሊቲየም ረድፎች በተከታታይ የተያያዙበት ነው። ከእያንዳንዱ ረድፍ አንድ ቀጭን ሽቦ ወደ መጠበቂያው ቦርድ ይሄዳል፤ ውሃ ከነዚህ አንዱን ካዛገ ወይም አንዱን ረድፍ በዝግታ ካፈሰሰው ረድፎቹ እኩልነታቸውን ያጣሉ። መጠበቂያው የአንዱን ረድፍ ልክ በትክክል ካላነበበ ቻርጅ ሲደረግ ያ ረድፍ ከልኩ በላይ ሊሞላ ይችላል፤ የሊቲየም እሳት መነሻ ከሚሆኑት አንዱ ይህ ነው። እሳቱ ውሃው በገባበት ሰዓት ላይነሳ ይችላል፤ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ፣ ብዙ ጊዜም ቻርጅ ላይ እያለ ይነሳል። ውሃ የገባበት የተጠረጠረ ባትሪ ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ የማይሰካው ለዚህ ነው።

አምራቾች የውሃ መቋቋሙን የሚገልጹት አይፒ በሚባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ ነው። ከሁለቱ ቁጥሮች የመጀመሪያው ለአቧራ፣ ሁለተኛው ለውሃ ነው። በውሃው ረድፍ 4 ከየአቅጣጫው የሚረጭን ውሃ መቋቋም ነው። 5 በደቂቃ 12.5 ሊትር ከሚያወጣ ቀጭን አፍ ቢያንስ ለ3 ደቂቃ የሚተፋን ውሃ፣ 6 በደቂቃ 100 ሊትር የሚተፋን ውሃ፣ 7 ደግሞ 1 ሜትር ጥልቀት ውስጥ 30 ደቂቃ መቆየትን ያመለክታሉ። እዚህ ላይ ገዢውን የሚያታልል ነገር አለ፤ 7ን ያለፈ ዕቃ 5ንና 6ን አልፏል ማለት አይደለም። በቆመ ውሃ ውስጥ መስጠምና በኃይል የሚመታ ውሃን መቋቋም የተለያዩ ፈተናዎች ናቸው፤ ሁለቱንም ያለፈ ዕቃ ሁለቱም ይጻፍለታል። ቁጥሩ የተሰጠውም አዲስ ለሆነ፣ ላልወደቀና ላልተፈታ ዕቃ፣ በንጹሕ ውሃ ተፈትኖ ነው። አንድ ጊዜ ድንጋይ ላይ ወድቆ ሽፋኑ የተሰነጠቀ ተሽከርካሪ ቁጥሩ ሳጥኑ ላይ ቀርቷል።

የጅማ መንገድ ውሃ ንጹሕ አይደለም። ንጹሕ የዝናብ ውሃ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ትንሽ ነው፤ የሚያስተላልፈው ውስጡ የሟሟው ጨውና ማዕድን ነው። የአካባቢው ቀይ አፈር ድቡልቡል አሸዋ ሳይሆን ደቃቅ ሸክላ ነው፤ ከውሃው ጋር ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፣ ውሃው ሲተን እሱ ይቀራል፣ በሚቀጥለው ካፊያ ደግሞ እርጥበት ስቦ ይይዛል። የደረቀ የሚመስል ሶኬት በየዝናቡ የሚያስቸግረው በዚህ ምክንያት ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ዝናቡ ሲቀንስ የቡናው ለቀማ ይመጣል፤ በእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያዎች ዙሪያ ያለው መንገድ ከዝናብ ውጭም እርጥብ ነው። ከመፈልፈያው የሚወጣው ውሃ ስኳር የበዛበት ነው፤ ሲብላላ ይኮመጥጣል፤ ኮምጣጣ ውሃ ደግሞ ብረትንም መዳብንም ከዝናብ ይልቅ ፈጥኖ ይበላል።

ሆኖም ሞተርና ውሃ አብረው መኖር እንደሚችሉ ያሳየውም ይኸው ጣቢያ ነው። የመፈልፈያ ማሽን የሚሽከረከረው ቀኑን ሙሉ ውሃ በሚፈስበት ቦታ ነው፤ ኤሌክትሪክ ባለበት ጣቢያ የሚገጠመው ሞተር ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ የተዘጋ፣ ከውጭ በማራገቢያ የሚቀዘቅዝ፣ በአይፒ መለኪያ 55 የሆነ ነው። ዓመታት የሚቆየው በሦስት ነገሮች ነው፤ ከወለሉ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ የሽቦው መግቢያ ወደ ታች ያያል፣ የሚቆጣጠረው ሳጥን ደግሞ ከውሃው ርቆ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ባለ አንድ ጎማው ሦስቱንም ያጣ ነው። ሞተሩ መሬት ላይ ነው፣ የአክስሉ ቁመት ከ20 እስከ 25 ሴንቲሜትር ቢሆን ነው፣ ቦርዱም ከጎማው በጣት ስፋት ይርቃል። የኤሌክትሪክ ባጃጅ ግን ሊሻሻል ይችላል። ቦርዱን ከመቀመጫ ሥር ከፍ አድርጎ መስቀል፣ ሽቦው ወደ ሶኬቱ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ተንጠልጥሎ ውሃውን እንዲያንጠባጥብ ማድረግ፣ ሶኬቶቹን በኤሌክትሪክ ግሪስ መሙላት የማንኛውም ጋራዥ ሥራ ነው። ሁሉንም ነገር በሲሊኮን መድፈን ግን አይረዳም፤ ገብቶ መውጫ ያጣ ውሃ ገብቶ ከሚወጣው ይከፋል።

ከዝናብ በኋላ የሚደረገው ቀላል ነው፣ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ተሽከርካሪው ሳይሰካ፣ የቻርጅ ክዳኑ ተከፍቶ፣ አየር ባለበት ጥላ ሥር ያድራል። በኃይል በሚተፋ የላቫጆ ውሃ አይታጠብም፤ ጭቃው በእርጥብ ጨርቅና በብሩሽ ይነሳል። ጎርፍ የያዘ መንገድ ላይ የሚታየው ልክ አክስሉ ነው፤ ውሃው አክስሉን የሚሸፍን ከሆነ ገፍቶ መሻገርም ሞተሩን አያድነውም፣ ማንሳት ወይም መመለስ ነው። ባለ አንድ ጎማው ላይ ሌላም አደጋ አለ፤ ውሃ ባይገባውም እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ጎማው ከተንሸራተተ ማስተካከያ የሚሆን ሁለተኛ ጎማ የለውም። በሐምሌና በነሐሴ በጅማ ድንጋይ ንጣፍ ላይ እሱን ለዕለት ሥራ መያዝ አያዋጣም፤ የበጋ ዕቃ ነው።

በየዓመቱ ዝናቡ ሲወጣ፣ በኅዳር ገደማ፣ ጎማው ከመሬት ተነስቶ በእጅ ይዞራል። የሚያንሾካሹክ ወይም የሚያንቋቋ ድምፅ ካለ ኩሽኔታው ዝጓል። የሞተሩ የጎን ክዳን ይፈታል፤ ውስጡ ቡናማ ዱቄት የመሰለ ዝገት ከተገኘ በደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል፣ ማግኔቶቹና የሽቦው ጥቅል በቫርኒሽ ይቀባሉ፣ ኩሽኔታዎቹ በሁለቱም ወገን የጎማ ክዳን ባላቸው ይለወጣሉ። የኩሽኔታው ቁጥር ጎኑ ላይ ተቀርጿል፤ በብዙዎቹ ላይ ለሞተር ሳይክል ከሚሸጠው ጋር አንድ ስለሆነ በመለዋወጫ ሱቅ ይገኛል።