ሐውልቱ ዛፍ ነው

መቱ የገባ እንግዳ «የዴሞክራሲ መታሰቢያ አሳዩኝ» ቢል እኔ የምልከው ወደ ዛፍ ነው። ስሙ ኦዳ ዶጊ ይባላል፤ የኢሉባቦር ኦሮሞ የገዳ ጉባኤውን ይቀመጥበት የነበረ ሥፍራ ነው። በዝና የሚበልጡት ሌሎች ናቸው፦ ዱከም አጠገብ ያለው ኦዳ ነቤ፣ የባሌው ኦዳ ሮባ፣ የምዕራብ ሐረርጌው ኦዳ ቡልቱም፣ የሆሮ ጉዱሩው ኦዳ ቡሉቅ፣ እንዲሁም ኦዳ ቢሲል። የኢሉባቦር ኦሮሞ ከሜጫ ወገን ስለሆነ ለእሱ ከአምስቱ የሚቀርበው ኦዳ ቢሲል ነው። የሜጫን ሕግ እዚያ የደነገገው ማኮ ቢሊ እንደሆነ ሲነገር ኖሯል።

ኦዳ በአማርኛ ሾላ የምንለው ነው። ቅርንጫፉን ወደ ጎን ይዘረጋል፣ ብዙ ሰው ያስጠልላል፤ ቀኑን ሙሉ ለሚከራከር ሕዝብ ከዚህ የተሻለ አዳራሽ አይገኝም። ከጥላው ሥር ጠብ ነውር ነው። በጥቁር፣ ቀይና ነጩ የኦሮሚያ ባንዲራ መካከል ያለው ዛፍም ይኸው ኦዳ ነው። የክልሉ ምክር ቤት «ጨፌ» መባሉም ከዚሁ ሥርዓት የመጣ ነው፤ ጨፌ ከዛፉ ሥር ተቀምጦ ሕግ የሚያወጣው ጉባኤ ነበር።

ገዳ በዋናነት የጊዜ ሕግ ነው። ወንዶች በአምስት ቡድን ይመደባሉ፤ እያንዳንዱ ቡድን ስምንት ዓመት ያስተዳድርና ለተከታዩ ያስረክባል። ተራው ዞሮ ወደ መነሻው የሚመለሰው በ40 ዓመት ነው። መሪው አባ ገዳ በትረ ሥልጣን የሆነውን ቦኩ ይይዛል፤ ስምንቱ ዓመት ሲሞላ ግን ምንም ያህል ቢወደድ አንድ ቀን እንኳ አይጨመርለትም። ካጠፋ ደግሞ ስምንቱም አይጠበቅም። ጉባኤው ቀድሞ ያነሳዋል፤ ይህን «ቡቂሱ» ይሉታል፣ መንቀል እንደማለት ነው። ሥልጣን ያስረከቡት ሰዎች ደግሞ ከአገር ጉዳይ አይገለሉም፤ ከአማካሪ ሽማግሌዎች ተርታ ይሰለፋሉ።

ከሁሉ የሚያስገርመው የአባትና የልጅ ስሌት ነው። ልጅ የሚመደበው በዕድሜው ሳይሆን ከአባቱ ቡድን በ40 ዓመት ወደ ኋላ ተቆጥሮ ነው። ስለዚህ አባቱ በጊዜው የገባ ሆኖ በ60 ዓመቱ የወለደው ሕፃን፣ ገና እየጠባ ከሃያ ዓመት ጎረምሶች ጋር ይቆጠራል። ይህ እንቆቅልሽ ኤርትራዊውን አንትሮፖሎጂስት አስመሮም ለገሰን ብዙ አድክሞታል፤ እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመው ስለ ገዳ የጻፈው መጽሐፍ ሰፊ ቦታ ሰጥቶታል።

ሥርዓቱን ቀደም ብሎ በጽሑፍ ያቆየልን ግን ወዳጁ አይደለም። አባ ባሕርይ የተባለው የጋሞ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1593 ገደማ የኦሮሞን ግስጋሴ እየፈራም እየተቆጣም ሲጽፍ፣ በየስምንት ዓመቱ የሚለዋወጡትን ቡድኖች መልባ፣ ሙደና፣ ኪሎሌ፣ ቢፎሌ፣ ሚጭሌ እያለ በየስማቸው መዘገበ። የሚያደንቅ ሰው ቢጽፈው ኖሮ ይህን ያህል ላላምነው እችል ነበር።

ታዲያ ኢሉባቦር ላይ ምን ሆነ? በ19ኛው መቶ ዘመን የጦር አዝማች የነበሩት አባ ዱላዎች በምዕራቡ አገር መሬትና ንግድ ሲያካብቱ ተራ መጠበቁን ትተው ራሳቸውን ሞቲ፣ ማለትም ንጉሥ አደረጉ። በጎረቤቶቹ በጉማ፣ በሊሙ፣ በጎማ፣ በጌራና በጅማ የታየው ይኸው ነው። ቀጥሎ የምኒልክ ጦር ደረሰ፤ አዝማቹ ተሰማ ናደው ጎሬን መቀመጫው አደረገ። የጠቅላይ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት ለብዙ ዘመን ጎሬ ላይ ቆይቶ በደርግ ጊዜ ወደ መቱ ወረደ። በዚህ ሁሉ መካከል ትእዛዝ የሚመጣው ከቢሮ እንጂ ከኦዳ ሥር አልነበረም። ገዳን መጀመሪያ የሰበረው የውጭ ጦር ብቻ ነው የሚለው ወሬ እንግዲህ ሙሉ አይደለም፤ ከውስጥም ተራዬ አበቃ ማለት ያቃታቸው ነበሩ።

በድንጋይ የተሠራ የዴሞክራሲ ሐውልት ማየት የሚሻ ባንኮክ ይሂድ። እዚያ አደባባይ ላይ ክንፍ የሚመስሉ አራት ግንቦች ቆመዋል፤ ቁመታቸው 24 ሜትር የሆነው የፍጹም ዘውድ አገዛዝ ያበቃበትን ጁን 24 ቀን 1932 ለማሰብ ነው። ሐውልቱን እ.ኤ.አ. በ1939 ያስጀመረው የታይላንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒቡን ግን ራሱ ወታደራዊ አምባገነን ነበር። ድንጋይ ማንም ቢያቆመው አይቃወምም። ኦዳም ቢሆን ሰው ካልተሰበሰበበት ተራ ሾላ ነው።

በቦረና ስብሰባው ተቋርጦ አያውቅም። በ2009 ዓ.ም. ኩራ ጃርሶ 71ኛው አባ ገዳ ሆኖ ቦኩ ተረከበ፤ ስምንት ዓመቱ ሲሞላ በ2017 ዓ.ም. ለጉዮ ቦሩ አስረከበ። ተተኪው የተመረጠው ከርክክቡ ዓመታት ቀድሞ ስለነበር «ማን ይሆን?» ብሎ የተጨነቀ የለም። ገዳ በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የሰፈረውም በዚያው በ2009 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ አዲስ አበባ በተካሄደ ስብሰባ ነው።

ገዳን «ፍጹም ዴሞክራሲ» ብሎ ለሚያሞግስ ሰው የማነሳው አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ሴቶቹስ? በቡድኖቹ ውስጥ አይቆጠሩም፣ ቦኩም አይጨብጡም። የእነሱ መሣሪያ ሲንቄ ነው፤ ሙሽራ ስትዳር ከእናቷ የምትቀበለው ቀጭን በትር። አንዲት ሚስት ስትበደል እሪታዋን የሰሙ የሰፈሩ ሴቶች ሥራቸውን ጥለው፣ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ። በዳዩ በሽማግሌ ፊት ጥፋቱን አምኖ ካልካሰ ወደየቤታቸው አይመለሱም፤ እስከዚያ ድረስ ልጁንም ምጣዱንም ባሎቹ ይወጡት።