የድሮን ሞተርና ፕሮፔለር እንደ ጥማድ በሬ ናቸው

ባለ አራት ሞተር ድሮን ከበድ ያለ ካሜራ ሲጫንበት አቅም ያንሰዋል። ታዲያ ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ የሚያስበው ትልቅ ፕሮፔለር ገዝቶ መግጠም ነው። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም።

እስቲ እናስላው። ባለ 9 ኢንቹን ፕሮፔለር ቅርጹ አንድ በሆነ ባለ 10 ኢንች ለውጠን በዚያው ፍጥነት ብናሽከረክረው፣ የማንሳት ኃይሉ በ50 በመቶ ገደማ ያድጋል። ከሞተሩ የሚጠየቀው ጉልበት ግን በ70 በመቶ ገደማ ይጨምራል! ይህን ያልቻለ ሞተር ይግላል፣ ይቃጠላል፤ ድሮኑም ከነካሜራው ሰው ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ስለዚህ ፕሮፔለሩ ሲተልቅ፣ ሞተሩ ጠንከር ያለና ኬቪው ዝቅ ያለ ይሁን። ኬቪ ማለት ሞተሩ ያለ ጭነት፣ በ1 ቮልት፣ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር የሚገልጽ ቁጥር ነው።

የምርጫው መነሻ ክብደት ነው። ድሮኑ ከነባትሪውና ከነካሜራው 2 ኪሎ ቢመዝን፣ እያንዳንዱ ሞተር ቢያንስ 1 ኪሎ ማንሳት መቻል አለበት። ትርፉ ለነፋስና ለመታጠፊያ ነው።

በእኛ አካባቢ ደግሞ ሌላም ነገር አለ። 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ጭሮ፣ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ አንድ ስድስተኛ ያህል ይሳሳል። ቦርደዴ ቆላ ብትሆንም ሙቀቱ አለ፤ አየር ከ20 ወደ 35 ዲግሪ ሲሞቅ 5 በመቶ ገደማ ይሳሳል። በመሆኑም የፋብሪካውን ሠንጠረዥ እንዳለ አንመን፤ ትርፍ እንያዝ።

በመጨረሻም፣ ሙከራው በመንግሥት ፈቃድ፣ ከገበያና ከከብት ርቆ ይደረግ። 1 ደቂቃ ብቻ አብርረን፣ አሳርፈን፣ ባትሪውን ነቅለን ሞተሩን በእጃችን እንንካው። እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ጥማዱ አልተስማማም ማለት ነው።