የጆሮ ማዳመጫ፦ ዋጋውና ድምፁ

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላል ያገራችን ተረት። የተነገረው ስለ ሐሜት ነው፤ ነገር ግን ለጆሮ ማዳመጫ ገዢም የሚስማማ ይመስለናል። ምክንያቱም ማዳመጫ ስንገዛ ብዙውን ጊዜ የሚመርጥልን ጆሯችን ሳይሆን ዐይናችን ነው። ሣጥኑ ያማረ፣ ስሙ የታወቀ፣ ዋጋው የከበደ እንደ ሆነ ድምፁም የዚያኑ ያህል ያማረ ነው ብለን እንፈርዳለን። እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች የኤሌክትሪክ ዐዋቂዎች አይደለንም። ሆኖም ንግግርም ሙዚቃም ስንሰማ የምንውል ነንና ነገሩን መርምረን የደረስንበትን ለአንባቢያን ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታየን።

ጉዳዩ ለተማሪ ኪስ ቀላል አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ማዳመጫ ሁሉ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነውና አዲስ አበባም ይሸጥ ቦንጋ ጭማሪው ያገኘዋል። የ20 ዶላሩ ከ2,000 ብር በላይ፣ የ1,300 ዶላሩ ደግሞ ከ130,000 ብር በላይ ማለት ነው። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በጆሮ ይሰማልን?

ማዳመጫው እንዴት ይሠራል?

ጆሮ ውስጥ የሚገባው ማዳመጫ ብዙውን ጊዜ በሁለት ዓይነት መንገድ ድምፅ ይሰጣል። አንደኛው «ዳይናሚክ» የሚባለው ነው። ይህ የትልቁ ስፒከር ታናሽ ወንድም ሲሆን በማግኔትና በሽቦ ጥቅል የሚንቀሳቀስ ስስ ሽፋን አለው። ሁለተኛው «ባላንስድ አርማቸር» ይባላል። ከመስሚያ መርጃ መሣሪያ የተወረሰ ሲሆን በማግኔት መካከል የምትንቀጠቀጥ ትንሽ የብረት ምላስ አለችው። አንዱ ከሌላው በተፈጥሮው ይበልጣል ማለት አይቻልም፤ ቁም ነገሩ አሠራሩ ላይ ነው።

የሰው የጆሮ ቀዳዳ ቱቦ ስለ ሆነ በ3,000 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ በራሱ ያጎላል። ቱቦው በማዳመጫ ሲደፈን ይህ ተፈጥሯዊ ጉልበት ይለወጣል። ስለዚህ ጥሩ ማዳመጫ የተወሰደውን መመለስ አለበት። ሚድ ኪሊዮን እ.ኤ.አ. በ1983 ያቋቋመው ኤቲሞቲክ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1991 ኢአር-4 የተባለውን ማዳመጫ ያወጣው ይህንኑ ዐስቦ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ ጄሪ ሃርቪ ለቫን ሄለን ባንድ ከበሮ መቺ በመድረክ ላይ የራሱን ድምፅ የሚሰማበት ማዳመጫ ሠርቶ አልቲሜት ኢርስ የተባለውን ድርጅት መሠረተ። ዛሬ በውድ ዋጋ የሚሸጠው ማዳመጫ «ሞኒተር» መባሉ ከዚሁ ከመድረክ ሥራ የመጣ ነው።

ዋጋ ሲጨምር ምን ይጨመራል?

ጥቂቶቹን እናነጻጽር። ሹር ኤስኢ846 እ.ኤ.አ. በ2013 ሲወጣ 999 ዶላር ነበር፤ በያንዳንዱ ጆሮ አራት ባላንስድ አርማቸር አለው። ዜንሃይዘር አይኢ 900 እ.ኤ.አ. በ2021 በ1,300 ዶላር ገደማ ወጣ፤ በውስጡ ያለው ግን 7 ሚሊሜትር ስፋት ያለው አንድ ዳይናሚክ ብቻ ነው። ከዚህ እንደምናየው የስፒከሩ ብዛት የጥራት መለኪያ አይደለም። በሌላው ጫፍ ሙንድሮፕ ቹ እና ሰቨን ኸርዝ ሳልኖትስ ዜሮ የተባሉት የቻይና ማዳመጫዎች እ.ኤ.አ. በ2022 በ20 ዶላር ገደማ ለገበያ ቀረቡ። እያንዳንዳቸው አንድ ዳይናሚክ አላቸው፤ የወፍራሙና የቀጭኑ ድምፅ ሚዛናቸውም በተመራማሪዎች ከሚመከረው ብዙ የራቀ አይደለም።

ዬሩን ብሬባርት የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተመው ጥናት 283 ማዳመጫዎችን ለካ። በዋጋቸውና በድምፅ ሚዛናቸው መካከል ዝምድና አላገኘም። ይህ ማለት ውዱ ሁሉ ማታለያ ነው ማለት አይደለም። ተጨማሪው ገንዘብ ጠንካራ ብረት፣ የሚለወጥ ገመድ፣ ጥንቃቄ ያለበት አሠራር፣ አንዳንዴም ረቂቅ የሆነ የድምፅ ጥራት ይገዛል። ነገር ግን ከ20 ወደ 100 ዶላር ስንወጣ የምናገኘው ለውጥ ከ100 ወደ 1,000 ስንወጣ ከምናገኘው ብዙውን ጊዜ ይበልጣል። ከዚያ በላይ ያለው አብዛኛው ክብር ነው፤ ክብር ደግሞ አይሰማም።

ከቡና ቀማሽ የምንማረው

የካፋ ልጅ ለዚህ ጉዳይ መፍትሔ ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለበትም። ቡና በባለሙያ ሲቀመስ ናሙናው በቁጥር እንጂ በባለቤቱ ስም አይቀርብም። ለሁሉም ስኒ እኩል ቡና፣ እኩል ውሃ ይደረጋል። ቀማሹም በማንኪያ ማግ አድርጎ የምላሱን ይናገራል፤ ስኒው ስላማረ ነጥብ አይጨምርም።

ማዳመጫም እንዲሁ ሊፈተን ይገባዋል። ጓደኛህ ዋጋውን ሳይነግርህ፣ አንተም ዐይንህን ጨፍነህ፣ እያቀያየረ ይስጥህ። ቅርጹ በጆሮ ስለሚታወቅ ፈተናው ፍጹም አይሆንም፤ ዋጋውን አለማወቅህ ግን ግማሽ ነጻነት ነው። «እኩል ውሃ» የተባለውም እዚህ አለ፤ የሁለቱ የድምፅ ከፍታ እኩል መሆን አለበት። ጥቂት ጮኽ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላልና ብዙ ገዢ የሚሳሳተው በዚህ ነው። ላስቲኩንም ከሰው ወደ ሰው ስታዛውር በአልኮል መጥረግ አትርሳ።

በምን እንፈትን?

አንደኛ፣ በበገና። በገና 10 አውታር አለው፤ በየአውታሩ ሥር የሚገባው እንዝራ የተባለው ቁራጭ ቆዳ ያን የሚታወቀውን ንዝረት ይሰጠዋል። ወፍራም ድምፅ የበዛበት ማዳመጫ በገናውን ወደ ጉምጉምታ ይለውጠዋል፤ ቀጭን የበዛበት ደግሞ ንዝረቱን ብቻ አስቀርቶ አካሉን ያጠፋዋል። በሁለቱም ካልተበላሸ ማዳመጫው ደኅና ነው።

ሁለተኛ፣ በንግግር። «መታ» እና «መጣ» የሚለዩት በአንዲት አጭር ፍንዳታ ነው። የ«ሰ» ፉጨትም አብዛኛው ጉልበቱ ከ4,000 ኸርዝ በላይ ነው። ቤዙ ተነባቢውን የሸፈነበት ማዳመጫ ለጭፈራ ይበቃ ይሆናል፤ ሽማግሌ በካፊኖኖ የተረከውን ተረት ከስልክ እየሰማ በጽሑፍ ለሚገለብጥ የቋንቋ ተማሪ ግን ጠላት ነው። አንድ ፊደል በጆሮ ከጠፋ በወረቀት ላይም ይጠፋል፤ ተራኪው ካለፈ በኋላ ደግሞ የሚጠየቅ የለም።

ሦስተኛ፣ መዝገቡ ራሱ ጥሩ መሆን አለበት። ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ደጋግሞ የተጨመቀ ዘፈን በ1,300 ዶላር ማዳመጫም አይድንም።

ላስቲኩና ጆሮው

ከሁሉ የሚበልጠው ክፍል ከሁሉ ርካሹ ነው፤ እርሱም ጫፉ ላይ ያለው ላስቲክ ነው። የጆሮህን ቀዳዳ በደንብ ካልደፈነ ወፍራሙ ድምፅ ያመልጣል፤ ውዱም ርካሽ ይመስላል። በሣጥኑ ውስጥ ትልቅ፣ መካከለኛና ትንሽ ላስቲክ ካለ ሁሉንም ሞክር። ግራና ቀኝ ጆሮም አንዳንዴ የተለያየ መጠን ይፈልጋል።

በደንብ መድፈን ለጤናም ይጠቅማል። በካፋ ዝናብ ብዙ ነው፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ሲደበደብ፣ ወይም አውቶቡስ ከጅማ ወደ ቦንጋ ሲያጓራ፣ ላላ ያለ ማዳመጫ የያዘ ሰው ድምፁን ከፍ ከማድረግ በቀር ምርጫ የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት ለዐዋቂ የሚመክረው ልክ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው። ወደ 90 ዴሲቤል ከወጣ ግን የሚፈቀደው 4 ሰዓት ብቻ ነው። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት የመስሚያ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ማዳመጫ በገንዘብ ይተካል፤ ጆሮ በምንም አይተካም።

እንግዲህ ምክራችን ይህ ነው። ገንዘብህ ትንሽ ከሆነ አትፈር፤ በ20 ዶላሩ ደረጃ ያለ፣ ሚዛኑ የተስተካከለ ማዳመጫ ፈልግ። የታላላቅ ድርጅቶች ስም የተለጠፈበትን አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ግን ራቅ፤ የምትከፍለው ለተለጠፈው ስም ነው። የያዝከው ቤዝ ከበዛበት ሌላ ከመግዛትህ በፊት በስልክህ ኢኳላይዘር ቀንሰው፤ ይህ ያለ ዋጋ ነው። መቶ ዶላር ያለው ገመዱ የሚለወጥ ይግዛ፤ አስቀድሞ የሚበጠሰው ገመድ ነውና። ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ መጀመሪያ ዐይኑን ጨፍኖ ይስማ፤ ልዩነቱን ከሰማ ገንዘቡ የራሱ ነው፤ ካልሰማ ግን የተረፈው ገንዘብ ስንት መጽሐፍ እንደሚገዛ ያስላ።