ሰርቨር በከፍተኛ ጫና ሲፈተን ለሚያጋጥም ብልሽት መንስኤውን መለየት ይቀድማል

ድሬዳዋ ፦ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም ከወረቀት በተጨማሪ በበይነ መረብ መሰጠት መጀመሩ፣ ሰርቨሮች በአንድ ጊዜ የሚገቡ በርካታ ተጠቃሚዎችን የማስተናገድ አቅማቸው አስቀድሞ ሊፈተሽ እንደሚገባ ያመለክታል።

በፍተሻው ወቅት ግንኙነት ሲቋረጥ ሰርቨሩን ወዲያውኑ አጥፍቶ ማስነሳት መንስኤውን ሊሸፍን ይችላል። በቅድሚያ የሰርቨሩን የክንውን መዝገብ መያዝ፣ ቀጥሎም ሰርቨሩ ራሱ እየሠራ መሆኑን በአካል ቀርቦ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። እየሠራ ከሆነ ኬብሉ፣ ስዊቹና የተፈቀደው የግንኙነት ብዛት ይመረመራሉ፤ ቆሞ ከሆነ ደግሞ የሜሞሪ መሙላት፣ የኃይል መዋዠቅ ወይም ሙቀት ይጠረጠራል።

ሥራ የበዛበት ሰርቨር ይበልጥ ስለሚሞቅ፣ እንደ ድሬዳዋ ባሉ ሞቃታማ ከተሞች ፍተሻው ቀትር ላይ ጭምር ሊካሄድ ይገባል።

እርምቱ አንድ በአንድ ተከናውኖ ጫናው ደረጃ በደረጃ ሲጨመር መፍትሔው ይረጋገጣል፤ ባለጉዳዩም «ሲስተም የለም» ከሚል ምላሽ ይድናል።